ያች ክኒን የምን ነበረች
ሶፋ ሠሪውን በስሙ የሚጠራው ሰው ከእህቱ በቀር አልነበረም። ሰፈሩ ሁሉ «ማን ነገረህ» ነው የሚለው። ዝናብ ሊመጣ ነው ቢሉት «ማን ነገረህ?»፣ ጨርቅ ረከሰ ቢሉት «ማን ነገረህ?» ይላል። ስፖንጅ ሲገዛ ነጋዴው ፊት በቢላ ሰንጥቆ ውስጡን ካላየ እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም። ሚስቱ ጥላው የሄደችውም በዚሁ አመሉ ነው። ሻርፗን እያሸተተ «ይሄ የማን ሽቶ ነው?» ሲላት ከርሞ፣ አንድ ቀን «እህትህ የገዛችልኝ ነው» አለችና ልብሷን ሸክፋ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ታላቅ እህቱ ቤት አንዲት ክፍል ይዞ ብቻውን ኖረ።

አንድ ጊዜ ለሆቴል የሠራቸውን ወንበሮች ጭኖ ሌላ ከተማ ሄደ። አስረክቦ ሊመለስ ሲል ጎርፍ መንገዱን ቆረጠውና እዚያው ቀረ። የሆቴሉ ሒሳብ ተቀባይ ጨዋታ አዋቂ ሴት ነበረች። የወንበሩን ስፌት እየዳበሰች «እጅህ ይባረክ» ስትለው፣ እንዲህ የሚለው ሰው ካጣ ዘመን ሆኖታልና ልቡ ቅልጥ አለ። ጨዋታ ጨዋታን እየሳበ አብረው አደሩ። ኮንዶም የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ ያለው ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው።

ጠዋት ሸሚዙን ሲቆልፍ፣ ሴትየዋ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ወረቀቱ የተላጠ ብልቃጥ ከቦርሳዋ አውጥታ አንዲት ክኒን ስትውጥ በመስታወት አያት።

«አመመሽ እንዴ?»

«አይ፣ ሁልጊዜ የምወስደው ነው» ብላ ብልቃጡን መልሳ ከተተችው።

መንገድ ላይ ምንም አልመሰለውም። ሥራው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ግን ያች «ሁልጊዜ» ያለቻት ቃል ጆሮው ላይ ተለጥፋ አልላቀቅ አለችው። ሁልጊዜ የሚዋጥ ክኒን የምን ነው? ወረቀቱን ማን ላጠው? ጀርባዋንስ ለምን ሰጠችኝ? ሚስማር ሲመታ ጣቱን መታ፤ የደንበኛ ሶፋ ላይ ጨርቁን ገልብጦ ሰፋ። ሳምንት አለፍ ብሎ ትኩሳት ቢጤ ሲሰማው «በቃ፣ አለቀልኝ» አለ። ኩባያውን፣ ፎጣውን፣ ማንኪያውን ለይቶ ክፍሉ አስገባ። ማታ ማታ አንገቱን እየደባበሰ እብጠት ይፈልጋል፤ ሲፈልግ ደግሞ አያጣም።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄደ። የምርመራ ክፍሏ ነርስ መቼ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ከእህቱ ኩባያና ፎጣ መለየቱን ሳይቀር ነገራት።

«በሦስት ቀን ውስጥ ቢመጡ ኖሮ ቫይረሱ እንዳይዝዎት የሚከላከል መድኃኒት ነበረን። ቶሎ ከተጀመረ ነው የሚሠራው። አሁን ጊዜው አልፏል» አለችው።

«ማን ነገረሽ?» አላት ሳያስበው።

ነርሷ ፈገግ ብላ ጣቱን ወጋችው። ጥቂት ቆይታ «ምርመራው ኤች አይ ቪ አላሳየም» ስትለው ከወንበሩ ሊነሣ ሲል በእጇ መለሰችው።

«ቆይ ይቀመጡ። ይሄ የሚናገረው ከዚያ ቀን በፊት ስለነበሩበት ሁኔታ ነው። ቫይረሱ ያን ቀን ገብቶ ከሆነ፣ ምርመራው የሚያየውን ነገር ሰውነትዎ እስኪሠራ ጊዜ ይፈጃል። የጣቱ ምርመራ ሦስት ወር ሲሞላ ነው የሚታመነው። ሆስፒታል ከደም ሥር ወስደው የሚሠሩት ደግሞ ቀደም ይላል፤ ወር ተኩል ካለፈ ይደርስበታል።»

«ታዲያ ትኩሳቱስ፣ ሲስተር?»

«ትኩሳት ጉንፋንም ያመጣል። በትኩሳት ይዞኛል ወይም አልያዘኝም ማለት አይቻልም።»

«አንዴ ብቻ እኮ ነው!»

«በአንዴ ብዙ ጊዜ አይዝም። ሊይዝ ግን ይችላል፤ ለዚህ ነው ተመልሰው የሚመጡት። እስከዚያ ያለ ኮንዶም ከማንም ጋር እንዳይሆኑ፤ ደምም አይለግሱ። ኩባያና ፎጣውን ግን ለእህትዎ ይመልሱላቸው፤ በሱ አይተላለፍም።»

ከዚያ ሲወጣ የጠረጠረው ነርሷን ነው። ምን አይታ ነው እንዲህ የለሰለሰችልኝ? የሞት ፍርድ ካልሆነ ማን በነጻ ፈገግ ይላል? በማግሥቱ ሌላ ክሊኒክ ሄዶ የሰው ስም ሰጥቶ ተመረመረ። እዚያ ያገኘው ጎልማሳ ነርስ ቆጣ ቆጣ እያለ ያንኑ ቃል በቃል ነገረው። ሶፋ ሠሪው ሁለቱ መቼ ተገናኝተው እንደተመካከሩ ሲያወጣና ሲያወርድ ዋለ።

እህቱ ኩባያዎቿ አንድ በአንድ ሲመለሱ አየች። እሷም የእሱ እህት ናትና በሩ ላይ ቆመች።

«ሴት ልታስገባ ነው ወይስ ልትሞት ነው? ቁርጡን ንገረኝ።»

«እትዬ፣ ተይኝ።»

«አልተውህም!»

ነገራት። እህቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ክኒኗ የምን እንደሆነች ጠይቀሃታል?»

«እውነቱን ትነግረኛለች ብለሽ ነው?»

«አንተ ሰው እየጠየቅክ አይደለም እኮ የምትጠረጥረው። ደውል!»

ደወለ። ሒሳብ ተቀባይዋ ድምፁን እንዳወቀች «በሰላም ነው?» አለችው። ስለ ክኒኗ ጠየቃት።

«የእንቅርት ናት» አለች። «ዓመታት ዋጥኳት። ስለዚህ ነው የደወልከው?»

«ወረቀቱ ለምን ተላጠ ታዲያ?»

«ቦርሳ ውስጥ እየተፋተገ ነዋ! ስማ፣ እኔም ልንገርህ። አንተ በወጣህ በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄጄ መከላከያውን ጀመርኩ። ሆዴን እያቅለሸለሸኝ እስከ ዛሬ በየቀኑ እውጣለሁ። ሚስቴ ሄደች አልከኝ እንጂ ለምን እንደሄደች አልነገርከኝም። ከእኔ በፊት ከማን ጋር እንደነበርክ አላውቅም። እኔስ ብጠረጥርህ ይፈረድብኛል?»

ሶፋ ሠሪው በዕድሜው ሙሉ ሌላውን ሲመረምር፣ እሱን ራሱን የሚፈራ ሰው ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም። ላቡን ሲጠርግ የነርሷ ነገር መጣለት።

«እኔ ተመርምሬያለሁ» አላት። «ባለፈው ያሳየው ከዚያ ቀን በፊት ነጻ እንደነበርኩ ነው። ስለ አንቺ አይናገርም፤ ስለ እኔ ግን ይናገራል።»

«ላክልኝ። በዓይኔ ልየው።»

የውጤቱን ፎቶ አንሥቶ ላከላት። እንደማታምነው ገባው፤ እሱም ስለ እንቅርቷ ገና አላመናትም ነበር። ቢሆንም «ደርሶኛል፤ ቢሆንም መድኃኒቱን እጨርሰዋለሁ» ብላ ስትጽፍለት፣ ከሰነበተበት ጭንቀት ትንሽ እንደ መተንፈስ አለው።

ወር ተኩሉ ሲያልፍ ሆስፒታል ሄዶ ከደም ሥሩ ሰጠ። ኤች አይ ቪ አልተገኘም። ይሄም አልበቃውም፤ ሦስት ወሩ ሲሞላ የመጀመሪያዋ ነርስ ጋ ተመለሰ። የመመርመሪያውን ማሸጊያ ተቀብሎ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን መስኮቱ ጋ ወስዶ አነበበ። ነርሷ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችው።

«ጨረሱ?»

«ጨረስኩ።»

ውጤቱ ነጻ ነበር። «አሁን ያምኑታል፤ በመሃል ሌላ ሰው ከሌለ በቀር» አለችው።

«የለም፣ ሲስተር።»

ደጅ ወጥቶ ደወለላት። የእሷም እንደዚያው መሆኑን፣ መድኃኒቱን ከጨረሰች በኋላም ደግማ እንደተመረመረች ነገረችው። ልምጣ ወይ የሚለው ቃል ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር።

«ስለነገርከኝ ደግ አደረግክ። ደህና ሁን» አለችና ዘጋችው። ሰው እየጠበቃት ይሆን፣ ወይስ ጠልታው? ይሄን ግን የሚመረምርለት አላገኘም። ጥቂት ቆሞ ወደ ሥራው ሄደ።