ውኃውን ያፈሰስሁት እኔ ነኝ

ልጅ ሳለሁ በቤታችን አንድ የተከለከለ ወግ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከወጎች ሁሉ አብልጬ እሱን እወድ ነበር። የምታወራልኝ የአባቴ እኅት እታፈራሁ ናት። በጣሊያን ጊዜ ጎንደር ከተማ ከካቶሊክ መነኮሳይት ቤት አድጋ፣ እነሱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሷ ሃይማኖታቸውን ይዛ ትክል ድንጋይ አጠገብ ወዳለው መንደራችን መጣች። አባቴ «እኅቴን የት ልጣላት?» ብሎ አስጠጋት፤ እናቴ ግን ከእሷ ጋር ከአንድ ገበታ አትቀርብም ነበር።

ያኔ በክረምት ምሽት፣ እርጥቡ እንጨት እየጨሰ ዓይናችንን ሲያቃጥለንና ኩራዙ ሲንጨረጨር፣ እናቴ ወደ ጓዳ ገባ ስትል አክስቴ ፍሙን እየቆሰቆሰች ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። «እነሱ ዘንድ ልጅ ሊሞት ሲል ቄስ አይጠበቅም። ማንም ያጠምቀዋል፤ ሴትም ብትሆን። ውኃ ብቻ ይሁን፤ ወተት አይሆንም፣ ጠላ አይሆንም። የሥላሴን ስም እየጠራሽ ሦስት ጊዜ በራሱ ላይ ታፈሻለሽ። መፍሰስ አለበት ታዲያ! ጣትሽን ነክረሽ ብትቀቢው አልተጠመቀም።»

«እኔም?» ስላት «አንቺም» ትለኛለች። ያኔ ሴት ልጅ የቤተ መቅደሱን መጋረጃ እንኳ በማትነካበት አገር፣ ይህች «አንቺም» እንዴት ደረቴን እንደምትነፋው!

በዚያው ክረምት እናቴ ሴት ልጅ ወለደች። ሴት የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እኅቴ ግን እናታችን ገና አራስ ሳለች ታመመችና ጡት ተወች። አባቴ ቀኗ ሳይደርስም ቢሆን እንዲያጠምቋት መምሬ ውቤን ሊጠራ ሮጠ። ቤታቸው ከወንዝ ማዶ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ሞልቷል። ጠበቅን፣ ጠበቅን፤ የልጅቱ ትንፋሽ ይቆራረጥ ጀመር።

አክስቴ ብድግ ብላ «ፍቀጂልኝና እኔ ላጥምቃት» አለቻት እናቴን።

«የካቶሊክ እጅ ልጄን እንዳይነካት! በእመቤቴ!»

አክስቴ ተመልሳ ተቀመጠችና እንባዋን በነጠላዋ ትጠርግ ጀመር።

የእኔን እጅ ግን ማን ከለከለው? እናቴ ድካም ጥሏት ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር ቅሉን አነሣሁ። ጠላ ጠላ ይል ነበርና ደጋግሜ አለቀለቅሁት። ከእንስራው ቀድቼ፣ ቅዝቃዜው እንዳያስደነግጣት ፍሙ አጠገብ ጥቂት አቆየሁት። አክስቴ አየችኝ። የእኅቴን ራስ በግራ እጄ ደግፌ «ወለተ ማርያም፣ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሻለሁ» እያልሁ ሦስት ጊዜ አፈሰስሁ። ውኃው በጆሮዋ ሥር ወርዶ ክንዴን አራሰው። ትንሽ አለቀሰች። ብዙም ሳትቆይ ዐረፈች።

መምሬ ውቤ ከአባቴ ጋር እስከ ደረታቸው በስብሰው ደረሱ። ልጅቱን አይተው አዘኑ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። «ምን ይደረግ፣ ሳትጠመቅ ሞተች። ፍትሐት የላትም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ትቀበር» አሉ።

«ተጠምቃለች!» አልሁ። «እኔ አጥምቄያታለሁ!»

አባቴ እጁን አነሣብኝ። አክስቴ መሀል ገብታ «ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ እኔን ምታኝ!» አለችው። መምሬም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ቄስ የለ፣ ሜሮን የለ፤ ይህ የልጅ ጨዋታ ነው እንጂ ጥምቀት አይደለም።»

«ታዲያ ምነው ቀድመው አልመጡም?» አልኋቸው። ወንዙ እንደያዛቸው አውቃለሁ። ቢሆንም አልሁት።

እናቴ ከመደቡ ቀና አለች። እንድትረግመኝ ነበር የጠበቅሁት።

«ስሟን ማን አልሻት?» አለችኝ።

«ወለተ ማርያም።»

እኅቴን ከቅጥሩ ውጭ ቀበሯት። እናቴ አራስ ናትና ከደጃፉ አላለፈችም፤ ነገር ግን ሬሳውን ይዘው ሲወጡ «ወለተ ማርያም! ወለተ ማርያሜ!» እያለች መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ በክርስትና ስሟ አለቀሰችላት። መምሬም ሰሙ፤ አልገሠጿትም። አክስቴን ግን እናቴ እስከ መጨረሻው አልወደደቻትም።

እኔም ካቶሊክ አልሆንሁም፤ በተወለድሁበት ሃይማኖት አለሁ። አድጌ፣ ጎንደር ገብቼ፣ ትዳር ይዤ ይህን ለንስሐ አባቴ ባጫውታቸው፣ «ያለ ሥልጣንሽ የቄስ ሥራ ሠርተሻል፤ ተጸጽተሽ ስገጂ» አሉኝ። እኔ ስግደት የምፈራ ሴት አይደለሁም። ለቁጣዬም፣ ለሐሜቴም፣ ለዚህ ለማያርፍ ምላሴም ያዘዙኝን ሁሉ ሰግጃለሁ፤ ጉልበቴ ይመስክር። ለዚያች አንድ ቅል ውኃ ግን ግንባሬን መሬት አላስነካሁም።

«ምነው ልጄ፣ አንዲት ይቅርታ ምን ትጎዳሻለች?» ቢሉኝ፣

«አባቴ» አልኋቸው፣ «በድያለሁ ካልሁማ እኅቴ አልተጠመቀችም ማለቴ ነው። አልለውም!»