የአጋሮ ድብርትና የፈድሊያ ስም

ዶክተር ወልደሰማያት ስልሳ አንድ ጽሑፍ አሳትሟል። ይህን ያልሰማ ሰው ጅማ ውስጥ ካለ፣ ትናንት ከአውቶብስ የወረደ መሆን አለበት። ስለ ጫት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ቡና ለቃሚዎች ጭንቀት ጽፏል፤ ያልነካው የሰው መከራ የለም። በሽተኛ ፊት ከተቀመጠ ግን ስድስት ዓመት አልፎታል።

በሽተኛ ፊት የምትቀመጠው ፈድሊያ ናት። የአጋሮ ልጅ፣ የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ጅማ ሄርማታ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር። ከስልሳ አንዱ ለአሥራ አራቱ መጠይቅ ይዛ በጭቃ የተንከራተተችው እሷ ነበረች። ሰው ቤት ገብታ፣ በኦሮምኛ አጫውታ፣ ያለቀሰችውን አጽናንታ ስትመለስ፣ ዶክተሩ ወረቀቱን ይቀበላትና በጽሑፉ መጨረሻ «መረጃ ሰብሳቢዎችን እናመሰግናለን» ይላል። ስም መጥራት እንኳ ይከብደዋል። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን መማር። ለማመልከቻው ስሟ ያለበት አንድ የታተመ ጥናት ይጠየቃል። «የሚቀጥለው ላይ ትገቢያለሽ» እያላት አምስት ዓመት አለፈ።

ለፕሮፌሰርነት ሲወዳደር ስልሳ አንዱ አነሰበትና አጋሮ ላይ የድብርት ጥናት ይካሄድ አለ። ወሩ ረመዳን ነበር።

«ዶክተር፣ እባክዎ ጾሙ ይለፍ» አለችው ፈድሊያ። «መጠይቁ እኮ ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍዎ ተዛብቷል? የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል? ይደክምዎታል? ነው የሚለው። በረመዳን ማን የለም ይላል?»

«እኛስ አንጾምም እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ሁዳዴን ሙሉ ስንጾም ድብርት ይዞን ያውቃል? ይልቅ ሂጂ፣ ሰው ቤቱ የሚገኘው አሁን ነው።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ሄደች። የእናቷ ጎረቤት አዴ ዙቤይዳ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ለሁሉም ጥያቄ «አዎ» አሉ። ለሱሁር፣ ለሌሊቱ ምግብ፣ ሲነሱ እንቅልፋቸው ይቋረጣል፤ ቀን ደግሞ አፋቸው ደርቆ ነው የሚውሉት። «ኢንታላ ኮ፣ ሶመና እኮ ነው!» ብለው ሳቁባት። ልጄ፣ ረመዳን እኮ ነው ማለታቸው ነው። ፈድሊያ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ «ጾመኛ» ብላ ጻፈች። በየጾመኛው ወረቀት ላይ እንዲሁ ጻፈች። ዶክተሩ አንዱንም ገልጦ አላየም።

ውጤቱ ወጣ። ከሦስት የአጋሮ ሰው ሁለቱ የድብርት በሽተኛ ሆኖ ተገኘ። ዶክተሩ ቢሮው ውስጥ በደስታ መቀመጫ አጣ። ሐኪም የተባለ ሰው ከተማ ሙሉ በሽተኛ አገኘሁ ብሎ ሲፈነድቅ ማየት ያሳፍራል።

«እንኳን ደስ አለሽ» አላት። «ስምሽን ከእኔ ቀጥሎ አስገብቼዋለሁ።»

አልዋሽም፣ ልቧ ዘለለ። ማመልከቻው ሊዘጋ አሥር ቀን ቀርቶታል፤ ጽሑፉ ከዚያ በፊት ይወጣል ተብሏል። ረቂቁን ይዛ ቤቷ ገባችና ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ረመዳን የሚል ቃል የለበትም። አዴ ዙቤይዳ በሰንጠረዡ «ከባድ ድብርት» ከሚለው ውስጥ ተቆጥረዋል፤ እኚያ እስኪበቃቸው የሳቁባት ሴትዮ!

በማግስቱ ቢሮው ሄደች። «ዶክተር፣ በረመዳን መሰብሰቡ ይጻፍ። ካልሆነ ስሜን ያውጡልኝ።»

«ሰው ስሜን አስገባልኝ ብሎ ደጅ ይጠናኛል፣ አንቺ አውጣልኝ ትያለሽ? ረመዳን ብዬ ከጻፍኩማ ማን ያትመዋል?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ለካስ ያውቃል።

«አጋሮ የሚያውቁኝ ሰዎች አሉ፤ በስሜ በሽተኛ አልላቸውም» አለችው።

ዓይኗ እያየ ስሟን ከኮምፒዩተሩ ላይ አጠፋው። በቦታዋ አብሳሎም የሚባል የሚስቱን ወንድም አስገባ። አብሳሎም አዲስ አበባ ሲሚንቶ ይቸረችራል፤ አጋሮን በካርታም አይቷት አያውቅም። ጽሑፉ በሳምንቱ ታተመ። ዶክተሩም ውሎ አድሮ ፕሮፌሰር ተባለ፤ ለአብሳሎምም ጭምር ግብዣ ተደረገ።

ፈድሊያ ማመልከቻውን የሞላችው በመጨረሻው ቀን ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አየችውና «የታተመ ጥናት» የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። «የለም» ይላል። መልሳ ዘረጋችላት።

«እህቴ፣ ይኼ ካልተሞላ አንቀበልም።»

«ሞልቼዋለሁ» አለች ፈድሊያ።