የገብረመድኅን ሰማያዊ ዱቄት

ባለቤቴ ገብረመድኅን ጀርመን አገር ተጠርቶ «አገሬን ትቼ አልሄድም» ያለ ሰው ነው እየተባለ ሐረር ውስጥ ይወራል። ወሬውን ማን እንደጀመረው አላውቅም። እሱ በሰማው ቁጥር ያፍራል፤ እኔ እበሳጫለሁ። አልሄድም አላለም። ለመሄድ እንደ እሱ የቸኮለ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። የቀረው በአንድ የነጠላ ቁራጭ ምክንያት ነው፤ ቁራጩን ያጠብኩት ደግሞ እኔ ለተማርያም ነኝ።

ገብረመድኅን እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው። አያቱ ከሸዋ መጥተው እዚህ የቀሩ ወታደር ነበሩ። እሱ በትምህርቱ ስለጎበዘ ጀርመን ተላከና አምስት ዓመት ኬሚስትሪ ተማረ። እዚያ ከፕሮፌሰሩ ጋር ይሠራ የነበረው ብርሃን በሚሰጡ ዱቄቶች ላይ ነው። አንድን ብረት ከሌላ ኬሚካል ጋር ያዋህዱትና ዱቄት ያደርጉታል፤ በዚያ ላይ ዓይን የማያየው ዓይነት ብርሃን ሲያበሩበት ዱቄቱ ራሱ ቀይ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። ተመልሶ በተጋባን በሦስተኛው ቀን ጓዳ አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ አሳየኝ። ፍም የመሰለ ቀይ ነበር። ይሞቅ እንደሆነ ብዬ እጄን ሳስጠጋ ሳቀብኝ።

ሲመለስ ሐረር መምህር ሆኖ ተመደበ። ከጀርመን ያመጣው አንዲት ትንሽ መብራትና ጥቂት ጠርሙሶች ብቻ ነበር። ቀዩን የሚሰጠው ብረት ከወርቅ የተወደደ ነውና በዓመቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ ወደ ዚንክ ዞረ፤ ዚንኩንም የሚያገኘው ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ልጣጭ ነው። ሸዋ በር ያለው ሰፈራችን ሁሉ «የመምህሩ ሚስት የሞተ ባትሪ ትለቅማለች» እያለ ሲስቅብኝ ከረመ። እውነታቸውን ነው፤ እለቅም ነበር።

መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቅም። ቁርሱን ቆሞ ይበላል። ቅዳሴ መሀል እርሳስ አውጥቶ መዳፉ ላይ ይጽፋል፤ ትክ ብዬ ባየው ደንግጦ ይሰግዳል። ሐሳብ ሲይዘው ጀጎልን ከውጭ በግንቡ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ ይመለስና የረሳውን ደብተር ይዞ እንደገና ይወጣል። ያላሳረፈው የፕሮፌሰሩ ደብዳቤ ነው። «ቢጫና አረንጓዴ ሞልቶናል፤ ሰማያዊ ፈልግ። ካገኘህ ለሁለት ዓመት ከነሚስትህ የምትመጣበትን መንገድ አመቻቻለሁ» ብለውት ነበር።

በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የማጣሪያ ወረቀቱ አለቀ። አዲስ አበባ ጽፎ መልስ ሲያጣ «ለተ፣ አንድ ጨርቅ ፈልጊልኝ» አለኝ። እኛ ቤት ያረጀ ነጠላ አይጣልም፤ ተቆርጦ የጠጅ ማጥለያ ይሆናል። ከእነዚያ አንዱን አወጣሁ። ጠጅ የነካው ጨርቅ ለሳይንስ አይሆንም ብዬ ግን ጀጎል ውስጥ ሱቅ ካላቸው ከአው ዓብዱላሂ ዘንድ በጅቡቲ በኩል የመጣ አዲስ የዱቄት ሳሙና ገዛሁ። «ወላሂ፣ እንዲህ የሚያነጣ አይተሽ አታውቂም» አሉኝ። እውነትም ወተት አስመሰለው። ሁለት ጊዜ ቀቅዬ ሰጠሁት።

ኅዳር ላይ፣ በቀትር፣ ከጓዳ ጠራኝ። መስኮቱን በጋቢ ጋርዶታል። ሳህኑ ላይ ያለው ዱቄት ሰማያዊ ሆኖ ይበራል። ገብረመድኅን አንዴ ይቀመጣል፣ አንዴ ይነሳል፣ እጄን ይይዛል፣ ይለቃል። ዚንኩን ለብቻው ፈተነ፤ አልበራም። ዚንኩን የሚያሟሟበትን አሲድ ለብቻው ፈተነ፤ አልበራም። እንደገና ሠራው፤ በራ። ሦስተኛው ትንሽ ደከም ያለ ነበር፤ «ባትሪው አርጅቶ ይሆናል» አለ። በማግሥቱ ለፕሮፌሰሩ ጻፈ። መልሱ ለገና ሳምንት ሲቀረው ደረሰ፤ «ዱቄቱን ይዘህ ለፋሲካ ና» ይላል።

ለሰው «ባሌ ካለ ምን ይደረጋል» እያልኩ በግድ የምሄድ እመስል ነበር። ውሸቴን ነው። ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመቴ ነበር፤ ከድሬዳዋ አልፌ አላውቅም ነበር። መሄድ እንደ ረሀብ ይዞኝ ነበር።

የጥምቀት ዕለት ጠዋት ገብረመድኅን ታቦት ሊያጅብ ቀድሞኝ ወጣ። እኔ ነጩን ልብሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ብርሌ ላወጣ ጓዳ ገባሁ። መስኮቱ እንደተጋረደ ነው፤ ያንን ከጀርመን ያመጣውን መብራት እንደ ልማዱ ሳያጠፋው ሄዷል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ትከሻዬ በራ። ነጠላዬ ከላይ እስከ ታች ያው ሰማያዊ፣ ያው የሳህኑ ሰማያዊ ሆኗል። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ይህን ለመረዳት ግን ከዚያም ያነሰ ይበቃል። ነጠላውን ያጠብኩት በዚያው ሳሙና ነው። መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁና ከሰው ጋር እልል አልኩ።

አራት ቀን ዝም አልኩ። ክፉ ቀኖች ነበሩ። እሱ ሣጥን ይጠግናል፣ እኔ ወጥ አሳርራለሁ። በአምስተኛው ቀን «ሸሚዜን ተኩሺልኝ፤ ዛሬ የሥራ መልቀቂያዬን ላስገባ ነው» ሲለኝ ግን አልቻልኩም። ነጠላዬን ይዤ «ና ጓዳ ግባ» አልኩት።

መብራቱ ሥር ዘርግቼ በየትኛው ሳሙና እንዳጠብኩት ነገርኩት። «ቁራጩንም በዚሁ ሳሙና ነው ያጠብሽው?» አለ።

«ሁለት ጊዜ። ንጹሕ ይሁን ብዬ።»

የነጠላውን ጫፍ የፈላ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ውኃውን አትንኖ፣ የቀረውን ዝቃጭ መብራቱ ሥር አደረገው። ሰማያዊ ነው፤ የሚበራው ሳሙናው እንጂ ዚንኩ አልነበረም። «ዚንኩን ፈተንኩ፣ አሲዱን ፈተንኩ፣ ጨርቁን አልፈተንኩትም» አለ።

«ዝም ብንልስ?» አልኩት። «እዚያ ስትደርስ እውነተኛውን ታገኛለህ።»

«መጀመሪያ የሚያደርጉት የኔን ሥራ ደግመው መሞከር ነው።»

«ከዚያ በፊት ብታገኝስ?»

ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለሰ። እሱም አስቦት እንደነበር ከእርምጃው አወቅሁ። ከዚያ ወረቀት አወጣ፤ አራት ጽፎ አራቱንም ቀደደ። አምስተኛውን ሲያሽግ «ምን ብለህ ጻፍክ?» አልኩት፤ ጀርመንኛ አላነብም።

«ሰማያዊው ከማጣሪያው ጨርቅ የመጣ ነው፣ ጨርቁን ሳልፈትን የጻፍኩት ስሕተት ነው አልኩ።»

«ያጠበችው ሚስቴ ናት አላልክም?»

«ያልፈተንኩት እኔ ነኝ» አለና ደብዳቤውን ዘረጋልኝ። «አንቺ ውሰጂው።»

በአው ዓብዱላሂ ሱቅ በኩል ሳልፍ በርጩማቸው ላይ ሆነው ተጣሩ። «ለመንገድ ሳሙና አትይዢም? ጀርመን እንዲህ ያለ የሚገኝ አይምሰልሽ።» ሳቅሁላቸው። ሌላ ምን ላድርግ? ፖስታ ቤቱ ደጅ ስደርስ ቆምኩ። ደብዳቤው ባይደርስ ማን ይጠይቀኛል? በፖስታ የሚጠፋው ስንት ነው። ነጠላዬ ሥር ደብቄው ተመለስኩ። ግንቡ ድረስ ሄጄ እንደገና መጣሁ፤ እንደገናም ተመለስኩ። በሦስተኛው ቴምብሩን ገዝቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጣልኩት። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቤት ስገባ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«ጣልሽው?»

«ጣልኩት።»

«እኔ ብወስደው ኖሮ ይዤው እመለስ ነበር» አለ። «አንቺ እንደማትመልሺው ስለማውቅ ነው የላክሁሽ።»

ነጠላዬን አውልቄ ምስማር ላይ ሰቀልኩና ምሳ ላቀርብ ገባሁ። ይኸው ሰባት ዓመት ሆነ፤ ሁለት ጊዜ ይዤው መመለሴን አልነገርኩትም።