አካኮ ሊበን ሊበሉ ነው

አሰላ የሯጭ አገር አይደለች? አሥራ ሁለት ዓመት ፊደል ያስቆጠረችው መምህርት ነቢላ የያዘቻቸው የሁለተኛ ክፍል ልጆችም ንባብን ሩጫ አድርገውት አረፉ። አራት ነጥብ ሲያዩ ጭራሽ ይፈጥናሉ። ሙቢና የምትባለዋማ ገጹን ጨርሳ ስትቀመጥ የመጀመሪያው ቃል ገና ጆሮ አልደረሰም።

ነቢላ ታዲያ ጮክ ብሎ የማንበቢያ ሰዓት ፈጠረች። ልጆቹ ራሳቸው የጻፉትን እንደ ሰው ወሬ፣ ሲያስቅ እየሳቁ፣ ሲያስፈራ እየፈሩ ያነባሉ። ድምፃቸው ጭላሎ ተራራ ወጥቶ ደመናውን በትኗል የሚሉ አሉ።

ርዕሰ መምህሩ አቶ እንደሻው ግን፣ "የኔ እህት፣ ይሄ ክፍል ነው ወይስ የከብት ገበያ? በወላጆች ቀን ለውጥ ካላየሁ ሰዓቱ ተሰረዘ!" አሏት።

ቀኑ ደረሰ። የሙቢና አያት አካኮ ሊበን ከሁሩታ ድረስ መጥተው አዳራሹ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ተሰይመዋል። ልጅቷ ልታነብ ወጥታ ያን ሁሉ ሰው ስታይ ምላሷ እግሬ አውጪኝ አለ።

"አካኮሊበንመጡበግታረደምሳቀረበአሁንይበላሉ!"

ያውም "በ"ን አጥብቃ! ላልቶ ቢነበብ ሽማግሌው ምሳቸውን ሊበሉ ነው፤ ሲጠብቅ ግን ምሳው ራሳቸው ሆኑ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

"ኧረ በአላህ!" አሉ አካኮ ሊበን። "የኔ ሥጋ ሦስት ቀን ቢቀቀልም አይበስልም!"

አቶ እንደሻው "አላልኩሽም?" የሚል ዓይን ነቢላ ላይ ወረወሩ። ነቢላ ለሙቢና ስህተቷን ልትነግራት አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ልጅቷ ራሷ ካልሰማችው ምን ዋጋ አለው?

ሙቢና ወረቀቱን አየች፤ አያቷን አየች።

"ውይ! በጉን ነው እንጂ!"

እንደገና ጀመረች። "አካኮ ሊበን መጡ።" ቆም አለች። "በግ ታረደ።" ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ በጉ አሳዝኗታል። "ምሳ ቀረበ። አሁን..." አዳራሹ ሙሉ አንገቱን አሰገገ። "...ይበላሉ!" "በ" ላልቶ፣ ሽማግሌው ከምሳነት ተርፈው!

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

"ለኔስ አልተረፈም?" አሉ አቶ እንደሻው፣ ሳያስቡት ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

"ጋሼ፣ እርስዎማ አልተጠሩም!" አለች ሙቢና።

ርዕሰ መምህሩ ሳቃቸውን ለመዋጥ ታገሉ፤ አቃታቸው። ወደ ሌሎቹ መምህራን ዞሩና፣ "ከሰኞ ጀምሮ ጫጫታው የሚረብሸው ክፍል በሩን ይዝጋ፤ የነቢላ ልጆች አፋቸውን አይዘጉም!" አሉ።