ነጩን ልብስ የሚያጥበው ማን ነው?

የእህቴን ባል ሰፈሩ «ጨረቃ» ነው የሚለው። መልኩ ጨረቃ ስለሚመስል አይደለም፤ ጠይም ነው፣ አናቱም ከተመለጠ ቆይቷል። ስሙን ያወጡለት የሰፈር ልጆች ናቸው። አንድ ቀን ከላይ እስከ ታች ነጭ ቱታ ለብሶ፣ አፍና አፍንጫውን በጭንብል ሸፍኖ፣ ትልቅ መነጽር አድርጎ፣ እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት አጥልቆ፣ መርጫውን በጀርባው አዝሎ ቲማቲም መሃል ሲራመድ አይተው «ጨረቃ ላይ የወጣው ሰው!» እያሉ ተከተሉት። እሱም ዞር ብሎ «ሂዱ ከዚህ! መድኃኒት ነው!» ብሎ አባረራቸው። ስሙ ግን ተጣብቆበት ቀረ። እኔ ጋሼ ነው የምለው።

ሥራው በየሰዉ የአትክልት ማሳ እየዞረ ጸረ ተባይ መርጨት ነው። ሌሎቹ ረጪዎች በካናቴራ ነው የሚሠሩት። መድኃኒቱን በባዶ እጃቸው አማስለው በዚያው እጅ ላባቸውን ይጠርጋሉ። ጋሼን ሲያዩ «ሙሽራው መጣ» ይላሉ። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። የጠርሙሱን ጽሑፍ በየቀኑ እንደ አዲስ ያነባል። ደረቅ ሣር ቆንጥሮ ወደ ላይ ይበትንና ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ያያል። ነፋሱ ካልጣመው መርጫውን አውርዶ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ባለማሳው ቢለምነውም ቢቆጣውም አይነሳም።

አንድ ጊዜ ለእኔም እንዲሁ እምቢ ብሎኛል። ቲማቲሜን የሚገዛው ነጋዴ መኪና ይዞ በሦስተኛው ቀን ሊመጣ ነው፣ ጋሼ ደግሞ ከተረጨ በኋላ አስር ቀን ሳይሞላ አይለቀምም አለ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ባዳ አይደለሁም» አልኩት።

«ባዳ ብትሆኚማ እንዲህ አላስረዳሽም ነበር። አልረጭም ብዬ እሄድ ነበር።»

ሁለት ሳምንት አኮረፍኩት። ኩርፊያ ላይ እኔን የሚያህል የለም። እሱ ግን ማኩረፌን ያወቀው በአስራ አምስተኛው ቀን፣ እህቴ ስትነግረው ነው።

መድኃኒቱን ዝም ብሎ የሚረግም ሰው ግን ቲማቲም ተክሎ አያውቅም። እኔ ተክያለሁ። ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ከሁለቱ ገጽ መሃል ይበላል፣ ቅጠሉ እሳት የነካው ይመስላል፣ ከዚያ ወደ ፍሬው ይዞራል። መጀመሪያ በመጣበት ዓመት «ራሱ ይሄዳል» ብለው የተቀመጡት ጎረቤቴ በአስር ቀን ውስጥ ማሳቸውን ለከብት ለቀቁት። የኔን ጋሼ ደረሰለት። ከዚያ ምርት ቤቴን ቆርቆሮ አልብሻለሁ፣ ልጄንም አስተምሬያለሁ። የበላሁበትን ወጭት አልሰብርም።

ችግሩ ትሉም ሞኝ አለመሆኑ ነው። በሁለተኛው ዓመት ያው መድኃኒት ትንሽ አዞረው እንጂ አልገደለውም። በሦስተኛው ዓመት ጭራሽ ለመደው። እንዲህ እንዲህ እያለ መድኃኒቱ እየከበደ ሄዶ፣ አምና የመጣው ጠርሙሱ ሲከፈት ራስ የሚያዞር ሆነ። ድሮ በቦዩ ዳር ማታ ማታ የሚጮኹት እንቁራሪቶችም መቼ ዝም እንዳሉ ማናችንም አናስታውስም።

ጋሼ ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ ሁልጊዜ ግቢው በር ላይ ይቆማል። ቱታውን ያወልቃል፣ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይከታል፣ ውጭ ያለው ቧንቧ ሥር ገላውን ታጥቦ ንጹሕ ለብሶ ይገባል። «እኔ ቤት መርዝ አይገባም» ይል ነበር። እውነትም ከማዳበሪያው በቀር ምንም አልገባም።

ማዳበሪያውን የምትቀበለው እህቴ ናት። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። በአንድ ክፍል ቤቷ መስኮት ሥር የእግር ስፌት መኪናዋ አለ፤ ቁልፍና ዘምዘማቱን ግን በእጇ ነው የምትሠራው። እድፍ የሚባል ነገር ጠላቷ ነው። «የባሌ ነጭ ልብስ ካልነጣ፣ እኔ ምን ልብስ ሰፊ ነኝ?» ትላለች። ውሃ ታሞቃለች፣ ቱታውን ትዘፈዝፋለች፣ በባዶ እጇ ታሻለች። መጥራቱን የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው፤ ብብቱንና አንገትጌውን እያነሳች ታሸታለች፣ ሽታው ካለ እንደገና ታሻለች። ስምንት ዓመት እንዲህ አጠበች። እኔም ከጎኗ ተቀምጬ ወሬ ስጠርቅ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ።

አምና አንዲት እናት ዩኒፎርም መልሳ አመጣች። ቁልፎቹ በሳምንት ረግፈዋል። እህቴ የሰፋችው ቁልፍ ልብሱ አልቆ ለጨርቅ ሲቀደድ እንኳ የማይነቀል ነበርና በጣም አፈረች። ከዚያ ስፌቷ መንሻፈፍ ጀመረ። ራሴን አመመኝ ትላለች፣ በብርድ ያልባታል፣ ዓይኗ ይጨልምባታል። መርፌ ስትይዝ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ፤ ክሩን ወደ ቀዳዳው ስታስጠጋ ያልፈዋል። መነጽር ገዛን። በመነጽሩ እጇ ሲንቀጠቀጥ አጥርታ አየችው፤ ትርፉ ይኸው ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ተነሺ እንሂድ» ብዬ ተጨቃጨቅኋት። በመጨረሻ ጋሼና እኔ ሆነን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ክፍሉ ውስጥ አግዳሚ ወንበር፣ ሚዛንና የተላጠ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ነርስ ልጅ እግር ናት፤ የገበሬ ልጅ መሆኗን ኋላ ነው የሰማነው። የእህቴን እጅ ይዛ አገላብጣ አየች።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«የባለቤትዎስ?»

«መድኃኒት ይረጫል» አለች እህቴ፣ ኩራት ቢጤ እየተሰማት። «ግን ጠንቃቃ ነው። ጓንት አለው፣ ጭንብል አለው፣ ሙሉ ነጭ ልብስ አለው።»

ነርሷ ወደ ጋሼ ዞረች። «ነጩን ልብስ የሚያጥበው ማን ነው?»

ጋሼ አፉን ከፈተ። ከዚያ የእህቴን እጅ አየ። ቆዳው ተልጦ የጣቶቿ ጫፍ ቀልቷል። ይህን እጅ በየቀኑ ያየዋል፤ እኔም በየቀኑ አየዋለሁ። ነርሷ መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ሐኪሙ መራችን።

ሐኪሙ ደሟን አስመርምሮ ነገሩን አረጋገጠ። መርዙ በቆዳም በትንፋሽም ይገባል፣ ሙቅ ውሃ ደግሞ ያባብሰዋል አለ። ከእንግዲህ ካልነካችው ቀስ በቀስ ይለቃታል፤ መቼ እንደሆነ፣ እጇም እንደ ድሮው ይመለስ እንደሆነ ግን ቃል አልገባም። እህቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እሰፋለሁ?» አለች። «እናያለን» አላት።

መንገድ ላይ ጋሼ ከኋላችን ነበር የሚሄደው። ግቢው በር ጋ ስንደርስ ቆመና «እኔ ነኝ የመረዝኩሽ» አለ።

«አፍህን ያዝ» አለች እህቴ። «ሆን ብለህ ነው እንዴ? ደግሞ ያጠብኩት እኔ፣ አሽቼ ያየሁት እኔ።»

እሱ ግን አለቀሰ። ያን ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ሳይ ልቤ ተነካ፤ ገብቼ ለቡና ውሃ ጣድኩ።

በማግስቱ «ከእንግዲህ አልረጭም» ብሎ ማለና መርጫውን አጥቦ ከቤቱ ጀርባ ሰቀለው። ባለማሳዎቹ ተራ በተራ መጡ፣ ተራ በተራ መለሳቸው። አሁን የምናገረው ያሳፍረኛል፣ ግን ልናገረው። በሦስተኛው ሳምንት እኔም መጣሁ። ትሉ ማሳዬ ገብቷል። እህቴ መስኮቱ ሥር እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፣ መኪናዋ በጨርቅ ተሸፍኗል፣ እኔ ደግሞ የተበላ ቅጠል ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ከራስ በላይ ነፋስ! ቅጠሉን ከኋላዬ ልደብቅ ስል አየችኝ።

«ገባ?» አለችኝ።

«ትንሽ ነው» አልኩ። እንባዬ መጣ።

እህቴ ወደ ባሏ ዞረች። «ሂድ፣ ርጭላት።»

«አልረጭም። ምለናል።»

«የማልከው አንተ ነህ። እኔ አልማልኩም። የዓመት ጉሮሮዋ ነው። እሷ ከከሰረች አንተ ማዘንህ ለእኔ እጅ ምን ይፈይድለታል?» እጇን ከጭኗ አንስታ አሳየችው። «እጄ ካሳዘነህ ልብስህን ራስህ እጠብ።»

ሄደ፣ ረጨልኝ። እንደ ድሮው ግን አይደለም። በየረድፉ ጎንበስ እያለ ቅጠል እየገለጠ ትሉ ያለበትን ለየ፤ የማሳዬን ሲሶ ብቻ ረጭቶ «ሌላው ይቆይ» አለኝ። ሌላው ቆየ፣ አንድ ጥግ ላይም ተበላ፣ አብዛኛው ግን ዳነ። ማታ እሱ ከግቢው ጀርባ፣ ከቧንቧውና ከቦዩ ርቆ ለዚሁ ብቻ የገዛውን ሳፋ አስቀምጦ፣ ጓንቱን አጥልቆ ቱታውን ሲያጥብ አየሁት። ሲያሽ ገበቴ ሊጥ የሚያቦካ ነው የሚመስለው። ከአጥር ወዲያ አንዱ ረጪ «ጨረቃ ላይ ሴት የለም እንዴ?» ብሎ ሳቀበት።

«አለች» አለው ጋሼ ቀና ሳይል። «ስላለች ነው የማጥበው።»

እህቴ ከሁለት ወር በኋላ የመኪናውን ጨርቅ ገለጠች። ራስ ምታቱ ለቋት ነበር፣ ላቡም ቆሟል። መኪናውን በእግሯ እየረገጠች ቀጥ ያለ ስፌት ትሠራለች፣ ወፍራም መርፌም ትገፋለች። ክር ማስገባት ግን እምቢ አላት። ስለዚህ ጋሼ ጠዋት ጠዋት ወደ ርጭቱ ከመውጣቱ በፊት አጠገቧ ይቀመጥና ለቀኑ የሚበቃትን ሃያ መርፌ ክር ያስገባላታል፤ ሰማያዊውን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ አድርጎ የመርፌ ትራሷ ላይ ይሰካል። ጣቱ ወፍራም ነው። አንዱን ለማስገባት ሦስት ጊዜ ይስታል። ክሩን በምራቁ ሊያረጥብ ወደ አፉ ሲወስድ «እጅህን ታጥበሃል?» ብላ ትጮህበታለች፤ «ሁለት ጊዜ!» ይላታል። እንዲህ እየተነታረኩ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ማሳ ላይ የሚጠብቁት ሰዎች እያረፈደ ነው ብለው ያማሉ።

ባለፈው ሳምንት ቲማቲም ላደርስላት በጠዋት ሄድኩ። ጋሼ ገና መውጣቱ ነው። እህቴ አንድ ኮሌታ ይዛ እየሠራች ክሩ ተበጠሰባት። ከጥቅሉ አዲስ ክር ሳበች፣ ጫፉን በጥርሷ ቆረጠች፣ በአንድ ጊዜ ቀዳዳው ውስጥ አሳለፈችው። እጇ አልተንቀጠቀጠም።

«እትዬ!» አልኩ። ቲማቲሙ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

«ቀስ በይ» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ወር አልፎታል።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪውም? ሰውየው እኮ በጸጸት አለቀ!»

መርፌውን ኮሌታው ላይ ሰካችና እጇን አገላብጣ አየችው።

«እነግረዋለሁ» አለች። «ግን ስሚ። ሃያ ሁለት ዓመት ተጋብተን ኖረናል። ሲነጋ ይወጣል፣ ደክሞት ይገባል፣ በልቶ ይተኛል። በቀን አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ አጠገቤ ተቀምጦ አያውቅም። ዳንኩ ካልኩት ነገ ምን ብሎ ይቀመጣል?»

ቲማቲሙን መሬት አስቀመጥኩ። ያን ጊዜ የግቢው በር ሲጥ አለ፣ የጋሼ ኮቴ ተሰማ። የውሃ ኮዳውን ረስቶ ነው የተመለሰው። እህቴ ክሩን ከመርፌው ስባ አወጣችና ሁለቱንም በመዳፏ ይዛ ወደ በሩ ዘረጋችለት።

«እሰይ፣ መጣህልኝ» አለችው። «ይቺኛዋ ተበጥሳብኝ ነው።»

ጋሼ ፀሐዩን አየ፣ እኔን አየ፣ ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ።