ጎልማሳው ሾፌር

የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኞች በሰርቪስ አውቶቡስ የሚያመላልሱትን ሾፌር ሁሉም «አባ ዝግታ» ይሏቸዋል። ስሙ የወጣላቸው ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው። «ከእሳቸው ጋር ከመሳፈር በእግር ሄዶ ቀድሞ መተኛት ይሻላል» እያሉ ከኋላ ወንበር ይሳሳቃሉ፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ዝግታው ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ግን እሳቸውና ሚስታቸው ብቻ ናቸው። ቀኝ ዓይናቸው ጨርሶ አያይም፤ ግራውም እየከዳቸው ነው። ሐኪሙ «የሄደው አይመለስም» ካላቸው ቆይቷል።

ቢናገሩ መንጃ ፈቃዳቸው ይነጠቃል፤ ስድሳ ሳይሞላው ከሥራ የወጣ ደግሞ ዕድሜው እስኪደርስ ጡረታ አያገኝም። ስለዚህ ጥርሳቸውን ነክሰው ያሽከረክራሉ። መንገዱን በልማድ ያውቁታል፤ መብራት ላይ የሚነሡት ከፊታቸው ያለው መኪና ሲነሣ ነው። አንድ ቀን ጃንጥላ የያዘች ሴትዮ ከመገጨት ለጥቂት ተረፈች። የአውቶቡሱን ጎን በጡጫ ደብድባ፣ ዘር ማንዘራቸውን ሰድባ ሄደች። የዚያን ዕለት እህል በአፋቸው አልዞረም።

«ሰው ገድለህ ነው ጡረታ የምትወጣው?» አለቻቸው ሚስታቸው።

«ሁለት ወር ብቻ ነው የቀረኝ። ሁለት ወር ታገሺኝ።»

በማግሥቱ ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ተጠራ። የጡረታ መውጫ ዕድሜ ከስድሳ ወደ ስድሳ ሦስት ከፍ ስለማለቱ «ውይይት» ይደረጋል ተባለ። ሕጉን ያረቀቀው የመሥሪያ ቤቱ የጡረታ መምሪያ ኃላፊ ነው፤ ጠዋት ማታ ከሾፌሩ ጎን፣ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ። ማይክራፎኑን ጨብጦ፣ ሕጉ ትናንት በምክር ቤት እንደጸደቀና ከመጪው ወር ጀምሮ እንደሚሠራ አበሠረ። ወይ ውይይት! ካለቀ ከደቀቀ በኋላ፣ ሰውን አጨብጭቡ ለማለት ነው የጠሩት።

አባ ዝግታ እጃቸውን አወጡ። «የምክር ቤት አባላትስ? እነሱም ሦስት ዓመት ተጨመረባቸው?»

«የእነሱ በልዩ ሕግ ነው የሚታየው፤ አንድ የምርጫ ዘመን ካገለገሉ ለጡረታ ይበቃል» አለ ኃላፊው፣ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ። አዳራሹ አጉረመረመ። ኃላፊው ቶሎ ብሎ ሳቅ አለ። «ጓዶች፣ ሰው እንደ ድሮው በስድሳ አያረጅም! ስድሳ ዓመት ጎልማሳነት ነው። ምን ሩቅ ያስኬደናል? የራሳችንን ሾፌር እዩዋቸው! ገና ሃያ ዓመት ይነዱናል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አባ ዝግታ ደማቸው ፈላ። የገዛ ሥቃያቸውን በፊታቸው ምሳሌ አድርጎ ሸጠው፤ እነዚያ ሲያጉረመርሙ የነበሩትም አጨበጨቡ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሠራተኛው ወንበር ወንበሩን ያዘ። ኃላፊውም እንደ ልማዱ ከፊት ተደላደለ። አባ ዝግታ ሞተሩን አላስነሡም። ቆመው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቀኝ ዓይኔ አያይም። ግራውም ግማሽ ነው። ጎልማሳ ነህ ብላችሁ አጨብጭባችሁልኛል፤ እንግዲህ ልንዳችሁ። የሚሄድ ይቀመጥ!»

መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ፊታቸውን ሲያዩ ግን ሳቁ ቀጥ አለ። ከሁሉም ቀድሞ ቦርሳውን አቅፎ የወረደው ኃላፊው ነው። ሌላውም እየተጋፋ ተከተለው። አንድ ሰው እንኳ አልቀረም።

«እንዴት እስከዛሬ ይደብቁናል?» ብሎ ጮኸ ኃላፊው ከበሩ ሥር። «ሰው ሊፈጁ ነበር እኮ!»

«እውነትህን ነው፤ እሱ የእኔ ኃጢአት ነው» አሉ አባ ዝግታ። አንቱታውን የዚያን ቀን ተዉት። «እኔ ግን የፈለግሁት ሁለት ወር ነበር። ሦስት ዓመት የጨመርክበት አንተ ነህ!» ቁልፉን እጁ ላይ ጣሉለትና በግንቡ ጥግ ጥግ፣ ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። ለመንዳት ብቁ ስላልሆኑ ከሥራ ተሰናብተዋል፤ ጡረታቸውን ስድሳ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው መጥተው ይጠይቁ፣ ይላል። ከሥሩ የኃላፊው ፊርማና ማኅተም አለበት። አባ ዝግታ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ቢታገሉ አልነበብ አላቸው፤ ለሚስታቸው ሰጧት። እሷ አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«ምንድን ነው የሚለው?» አሉ።

ሚስታቸው ወረቀቱን ጨምድዳ ወረወረችው።

«ለሥራ አርጅተሃል፣ ለጡረታ ገና ጎልማሳ ነህ ነው የሚለው!»