ንጉሥ በእሳቱ ሰ

ባለቤቴ አስተማሪ ነበረች፣ እኔ ዘበኛ። ያውም እሷ የምታስተምርበት የዳባት ትምህርት ቤት ዘበኛ። ጠዋት በሩን የምከፍትላት እኔ ነበርኩ። "እንደምን አደሩ መምህርት" እላለሁ፤ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?" ትለኛለች። እንዲህ እየተባባልን ተጋባን። ከተጋባን በኋላም አፌ አልለቅ ብሎኝ "መምህርት፣ ጨው ያቀብሉኝ" እያልኩ ዘመድ ሲሥቅብኝ ከረመ።

ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። የአስተማሪ ባል ሆኜ፣ ወረቀት በቀረበልኝ ቁጥር አውራ ጣቴን ቀለም እነክራለሁ። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት አዲስ ደብተርና እርሳስ ገዝታ መጣች። "በቀን አንዳንድ ፊደል ብንል ለመስቀል ታነባለህ" አለችኝ።

"ሚስቴ አታስተምረኝም" አልኳት።

"ለምን?"

"አታስተምረኝም አልኩ፣ አታስተምረኝም።"

ለሰው ሳወራው ግን "ቀን ሙሉ የሰው ልጅ ስታስተምር ትውላለች፣ ማታ ደግሞ እኔ ላድክማት?" እል ነበር። ውሸት ነው። ሚስቱ ፊት "ሀ" ብሎ የተቀመጠ ዘበኛ እንዳልባል ነው። ደብተሩን መስኮት ላይ አስቀመጠችው። እዚያው ተቀምጦ አቧራ ለበሰ። ከርሞ ከርሞ ደብተር ለሌለው ተማሪ ሰጠችው። ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። ይህን ያስቀደምኩት የኋላው ሁሉ ከዚህ ስለሚመጣ ነው።

ባለቤቴ የቅኔ መምህር ልጅ ናት። አባቷ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው የሚያውቁትን ለእሷ አወረሷት። በፊደል ጉዳይ ምሕረት የላትም። ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ሁለት የሆኑ ፊደሎች እንዳሉ አንባቢ ያውቃል፤ እኔ ያወቅሁት ግን በሰባ ዓመቴ ነው። እንደ መንሽ ጣቱን ወደ ላይ የዘረጋው ንጉሡ ሠ ይባላል፤ ንጉሥ የሚጻፈው በእሱ ነውና። ሁለት እግሩን ከፍቶ የቆመው ደግሞ እሳቱ ሰ ነው፤ እሳት የሚጻፈው በእሱ ነው። ሲጠሯቸው አንድ ናቸው። ለባለቤቴ ግን አንዱን በሌላው ቦታ ማስቀመጥ የሰውን ልጅ ወስዶ ለሌላ አባት እንደ መስጠት ነበር።

ደባርቅ የተዛወርን ሰሞን አንዱ ነጋዴ በሩ ላይ በትልቁ "ስጋ ቤት" ብሎ በእሳቱ ሰ አስጽፎ አየች። ገብታ "ይኼ ሥጋ ሳይሸጥ ተቃጠለ" አለችው። ሰውየው አልገባውም። ባለፈች ባገደመች ቁጥር ጎራ እያለች ስትነዘንዘው ሰለቸውና አስቀየረው።

"እንግዲህ መምህርት፣ አሁንስ ግማሽ ኪሎ አይገዙኝም?" አላት።

"ጾም ነው" አለችው።

መርሳት የጀመራት ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ከዚያ የሰው ስም፣ ከዚያ መንገድ። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ብላ ወጥታ ቀረች። ደባርቅን አዳረስኩት። መናኸሪያ ያሉ ሰዎች "የዳባት ሚኒባስ ላይ ስትሳፈር አይተናል" አሉኝ። ተከትዬ ሄድኩ። የድሮው ትምህርት ቤት በር ላይ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ይዛ ቆማ አገኘኋት። በሩ ተዘግቷል።

"ይህ ዘበኛ የት ሄደ?" አለችኝ ተቆጥታ። "ደወሉ ሊደወል ነው እኮ!"

"እኔ ነኝ ዘበኛው" አልኳት።

አየችኝ፣ አየችኝና "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ክፈታ!" አለች። ከዚያ ራሷ ሣቀች። አውቃኝ ትሣቅ ሳታውቀኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ተዘግቶ የሰነበተው የጎንደር መንገድ ሲከፈት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። በሚኒባሱ መስኮት የሱቁን ሰሌዳ ሁሉ እያነበበች ዳባት ላይ ሁለት፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ አራት ስሕተት አገኘች። "አይ የወገራ ሰው!" እያለች ራሷን ትነቀንቃለች። አጠገባችን የተቀመጠው ተሳፋሪ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "እኚህ ሴትዮ ምናቸውን ነው ያመማቸው?" አለኝ። እኔም ልቤ እንደሱ ይለኝ ነበር። ሐኪሙ ግን እውነቱን ነገረኝ። "መድኃኒቱ ቢያዘገየው እንጂ አይመልሰውም። የለመደችውን ሥራ አታስጥሏት። የሚያቆያት እሱ ነው" አለ።

የለመደችው ሥራ ማስተማር ነው። በዚያ ሰሞን የጡረተኞች ማኅበር አዳራሹን ከፍቶ ማክሰኞና ኀሙስ ጠዋት ሽማግሌና አሮጊት መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ፊደል፣ ቀጥሎ የስልክ አጠቃቀም፣ መጨረሻ ላይ ገበጣና ሻይ። ተምሮ ሥራ የሚይዝ የለም፤ ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ከማየት ይሻላል ተብሎ ነው። እጇን ይዤ ወሰድኳት። ላደርሳት እንጂ ልማር አልሄድኩም።

አስተማሪው ወጣት ነው፣ ልበ መልካም ልጅ። ሁለቱን ሰ ሰሌዳው ላይ ጻፈና "በፈለጋችሁት መጻፍ ትችላላችሁ፣ አትጨነቁ፤ ስልኩም ግድ የለውም" አለ።

ባለቤቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

"ማን ነው እንዲህ ብሎ ያስተማረህ?"

"እማማ፣ አሁን እኮ ሰው የመጣለትን ነው የሚጽፈው።"

"ጫማ እንኳ ግራና ቀኝ አለው! ጠመኔውን አምጣ።"

ሰጣት። ሰሌዳውን ሞልታ ስትጨርስ እጇን አራግፋ ወደ ኋላ አግዳሚ አየች፤ ወደ እኔ።

"አንተስ? ደብተርህ የት አለ?"

"እኔ አንቺን ላደርስ ነው የመጣሁት።"

"ያለ ደብተር የሚቀመጥ ሰው ከክፍሌ ይወጣል።"

አጠገቤ የተቀመጠው የሊማሊሞን መንገድ ሲጠርግ የኖረ የግሬደር ነጂ ነው፤ እዚያ የሚመጣው ለገበጣው ነው። "አያ ዘበኛ፣ ውጣና በርህን ጠብቅ!" አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። ደሜ ፈላ፣ ልወጣ ብድግ አልኩ። ውጭው ጭጋግ ነው፤ የዚያን ቀን ጭጋጉ ደጃፉ ድረስ መጥቶ ነበር። ባለቤቴ ከደብተሯ መካከል አንድ ወረቀት ገንጥላ ፊቴ አኖረችው፣ እርሳስም ከላዩ። ያንን የመስኮት ደብተር አስታውሳ ይሁን አይሁን አልጠየቅኋትም። ተቀመጥኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ "መምህርት" ይላት ጀመር፤ ቀይ እስክሪብቶ ሰጣትና የሁላችንም ደብተር በእሷ ይታረም ጀመር።

የኔ እጅ ዱላ የለመደ እጅ ነው። እርሳስ ስይዝ ይሰበራል፣ ስጽፍ ወረቀቱ ይቀደዳል። ቢሆንም ክረምቱን ሙሉ ጻፍኩ። ጠዋት ፀሐይ ብቅ ስትል ግድግዳው ሥር ወንበር አወጣላታለሁ፤ መነጽሯን አድርጋ ታርመኛለች።

"ንጉሥን በእሳቱ ሰ ጻፍከው?"

"ምን ለውጥ አለው?"

"አቃጠልከው እኮ! ንጉሡን አቃጠልከው!"

"ይቃጠል! ለኔ ምን አደረገልኝ?"

"አንተ ደረቅ ዘበኛ! ዐሥር ጊዜ ጻፈው።"

ዐሥር ጊዜ እጽፈዋለሁ። እየተነጫነጭኩ። እሷ ትሥቃለች። በዚያች ሰዓት ምንም አልጎደላትም። ስሜን ታውቃለች፣ ቀኑን ታውቃለች፣ ከስንት ዓመት በፊት ጨው ያቀብሉኝ ማለቴንም ታነሣብኛለች። ደብተሩ ሲታጠፍ ተመልሳ ትሄዳለች።

መስከረም ሲጠባ ግን ፊደሉን ለየሁት። አንድም ሳልሳሳት ገጽ ሞላሁ። ደስ ይላት መስሎኝ ሰጠኋት። እስክሪብቶውን ይዛ ከላይ እስከ ታች ወረደች፣ ደግማ ወረደች፣ የምትሠራው አጣች። "የማን ደብተር ነው?" አለችኝ። በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ቸኩዬ ነበርና እጄ ንጉሡን በእሳቱ ሰ ጻፈው። ወዲያው ቀና አለች። "አቃጠልከው!" አለች። "አንተ ደረቅ፣ ንጉሡን አቃጠልከው!" ዓይኗ ውስጥ አየኋት፤ እሷው ናት።

ከዚያ ወዲያ ሆን ብዬ ማጥፋት ጀመርኩ። በየቀኑ አንድ ንጉሥ በእሳት። ገጹን በሙሉ በትክክል እጽፍና መካከል ላይ እሱን እሸጉጠዋለሁ። እስካገኘችው ድረስ አለች ማለት ነው፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው። ሐኪሙም ከዚህ የበለጠ አያውቅም።

የግሬደሩ ሰውዬ አንድ ኀሙስ ደብተሬን አየብኝ።

"አያ ዘበኛ፣ እስካሁን ሁለቱ አልተለዩልህም? እኔ እንኳ ለይቻለሁ!"

"ለይቻለሁ።"

"ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?"

ነገርኩት። የገበጣውን ጠጠር አስቀምጦ ደብተሬን ዘግቶ መለሰልኝ። በቀጣዩ ማክሰኞ የሱ ደብተር ለባለቤቴ ሲቀርብ ንጉሥ ብቻ አልነበረም የተቃጠለው፤ ሥጋው፣ ሣሩ፣ ሠርጉ ሁሉ ነድዷል። ባለቤቴ ቀይ እስክሪብቶዋን ጨረሰችበት። "እንዲህ ያለ ተማሪ በዕድሜዬ አላየሁም!" አለችው። እሱም ጭንቅላቱን እየነካካ "ምን ላድርግ መምህርት፣ ደንቆሮ ነኝ" አለ። ሣቄንና ዕንባዬን መለየት አቅቶኝ ወደ ውጭ ወጣሁ።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ነው። ብርድ ነበር፣ ጋቢ ደረብኩላት። ደብተሩን ጭኗ ላይ አደረግሁላት። እንዳያመልጣት ብዬ ያን ቀን መካከል ላይ አልሸጎጥኩትም፤ በመጀመሪያው መስመር፣ በትልቁ፣ "ንጉስ መጣ" ብዬ ጻፍኩ። ጣቷን ከሥሩ አስኬደች። ቆመች። ጠበቅኋት። ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥታ ጎኑ ላይ ራይት አደረገችበት። እንደ ድሮው ቀጥ ያለ፣ ያማረ ራይት።

"በጣም ጥሩ ነው፣ አባባ" አለችኝ። "በርቱ።"

"ተመልከቺው እንጂ!" አልኳት።

"አይቸዋለሁ። ጥሩ ጽፈዋል።"

"በእሳቱ ሰ ነው የተጻፈው! ንጉሡ ነዶ እያየሽ! አንቺ አይደለሽም ወይ ሥጋ ቤቱን ያስቀየርሽው? ተመልከቺው!"

ጮኼ ነው የተናገርኩት፤ ጎረቤት ወጥቶ አየን። ባለቤቴ እስክሪብቶውን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። "ይቅርታ አባባ" አለች። "ምን አጠፋሁ?"

በዕድሜዬ ብዙ ክፉ ተናግሬያለሁ። ግትር ነኝ፣ ተናግሬ የምጸጸት ሰው አይደለሁም። የዚያን ቀኑ ግን እስካሁን አፌ ውስጥ አለ። ተንበርክኬ "ምንም አላጠፋሽም፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አልኳት። ደግሜ ስጽፍላት ቀስ ብላ "ን... ጉ... ስ" አለች፣ ማንበብ እንደ ጀመረ ሰው፣ በደስታ። በበነጋውም ሞከርኩ። በሳምንቱም። ራይት፣ ራይት፣ ራይት። በርቱ አባባ።

እኔን የሚቆጨኝ መርሳቷ አይደለም፤ እሱስ ሕመም ነው፣ ማንም ላይ ይመጣል። የሚቆጨኝ ያ የመስኮት ደብተር ነው። ያኔ ተቀብያት ቢሆን ኖሮ ስንት ዓመት ትቆጣኝ ነበር። ስንት ንጉሥ አቃጥዬ ስንት ጊዜ ታርመኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ትቼ የደረስኩት ለአንድ ክረምት ብቻ ነው።

አሁን በትክክል ነው የምጽፈው። የሚያርመኝ ስለሌለ።

ማክሰኞና ኀሙስ አሁንም እንሄዳለን። እጇን እይዛለሁ፣ የፊት አግዳሚ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ሻይ ትጠጣለች። ባለፈው ሳምንት ወጣቱ አስተማሪ ደብተራችንን ሲያይ የኔን ብድግ አድርጎ ለሁሉም አሳየ። "ተመልከቱ! የአባባ ደብተር አንድም ስሕተት የለበትም!" አለ። አጨበጨቡልኝ። የግሬደሩ ሰውዬ ብቻ እጁን አላነሣም፤ አቀርቅሮ ገበጣውን ያይ ነበር።

ባለቤቴም አጨበጨበች። ሌላው ሁሉ ሲያቆም እሷ ገና ታጨበጭብ ነበር።